የትኛውን ኮሚክስ ላስቀድም? ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ የንጽጽር መመሪያ

ኮሚክስ ወይም ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ፣ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ከመጠቆሜ በፊት ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። እንግሊዝኛ ስታነብ ሳትደክም ስንት ገጽ ትዘልቃለህ? ሁለተኛው ቅጽ ባይገኝ የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃሃል? ሽልማቱም፣ ዝናውም፣ ፊልም ተሠርቶለታል መባሉም ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኋላ የሚታዩ ናቸው።

በየዓመቱ የሚወጡት የምርጥ ኮሚክስ ዝርዝሮች የሚዘጋጁት ከሥራ ሲወጣ መጽሐፍ መደብር ጎራ ብሎ ቀጣዩን ቅጽ ለሚያነሣ አንባቢ ነው። እኛ ዘንድ መጽሐፉ የሚደርሰው አዲስ አበባ ደርሶ በሚመለስ ጓደኛ፣ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም በስልክ ነው። ሦስተኛው ቅጽ ደሴ ገብቶ አራተኛው መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ በአንድ ጥራዝ የሚያልቅ ሥራ ከረጅም ተከታታይ ይቀድማል፤ ሥዕሉ ታሪኩን የሚሸከም ሥራም ጽሑፍ ከበዛበት ይቀድማል። ሌላ ከተማ ብኖር ሚዛኔ ሌላ ይሆን ነበር።

ሥዕልን በተርታ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ፣ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ ልደትና ከዚያም በኋላ ድረስ በጨርቅ ላይ ይሣላል። ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ አለ፤ ዓይን ከአንዱ ሳጥን ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ ታሪኩን ይከተላል። ያንን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ለኮሚክስ የሚያስፈልገውን ዋና ችሎታ ቀድሞውኑ ይዞታል። ኮሚክስ የልጆች ነገር ነው ብሎ ልጁን ለሚከለክል አባት የምነግረውም ይህንኑ ነው።

በአማርኛ ለሚጀምር

በአማርኛ የተዘጋጀው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ነው ብለን ግን አንዝለለው። የብስራት ደበበ «ጀምበር» በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ የልዕለ ጀግና ኮሚክስ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ያልጠበቀው ኃይል የሚመጣበትም በዚህ መሀል ነው። ከዚሁ ደራሲ የመጣው «ሀዊ» ደግሞ እመንት ለገሰ የምትባል፣ በአሜሪካ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ወጣት ከእናቷ ጋር ወደ አገር ቤት ስትመጣና እናቷ ስትታገትባት የሚደርሰውን ይተርካል።

ከሁለቱ የትኛው? የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ይዞ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ እስከ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማስታወቂያ ሲያነብ ለሚውል ወጣት «ጀምበር»ን አስቀድማለሁ፤ የባለታሪኩን ጭንቀት ማንም እንዲያብራራለት አያስፈልገውም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው፣ በተለይ ከዚያ የሚመጡ የአጎት ልጆች ጋር አብሮ የሚያነብ ቤተሰብ «ሀዊ»ን ቢይዝ የሚያወራበት ነገር ያገኛል።

ብዙ ወጣቶች ግን የሚጠይቁኝ የአፍሪካዊ ልዕለ ጀግና ታሪክ የሆነውን የአሜሪካ ኮሚክስ «ብላክ ፓንተር»ን ነው። በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ከተፈጠረበት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተከማቸ የመጣ ታሪክ ነው፤ ታ-ነሂሲ ኮትስ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቅጂ ደግሞ ስለ ሥልጣንና ስለ አመፅ ብዙ ይናገራል። ፊልሙን አይቶ ፍልሚያ ፈልጎ የመጣ አንባቢ ሃያኛው ገጽ ላይ ይሰለቻል። ፖለቲካ የሚወድና እንግሊዝኛው የጠነከረ ሰው ግን ይደሰትበታል።

ሁለት የስደት መጻሕፍት

አንድ መጽሐፍ ብቻ ጥቀስ ብባል የሾን ታን «ዘ አራይቫል»ን እጠቅሳለሁ። አውስትራሊያዊው ሠዓሊ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንዲት የሚነበብ ቃል የለበትም። ስለዚህ ከላይ ያነሣሁት የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋም፣ ፊደል ያልቆጠሩት አያቷም እኩል ያነቡታል።

መጽሐፉ የሚከፈተው ዘጠኝ ትንንሽ ሥዕሎች ባሉበት ገጽ ነው፤ ከወረቀት የታጠፈች ወፍ፣ ሰዓት፣ ባርኔጣ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሻንጣ። አንድ ሰው ከሚስቱና ከልጁ ተለይቶ ሊሄድ ነው። ለምን እንደሚሄድ የሚነግረን የለም፤ የሰፈሩ ጎዳና ላይ ግን ግዙፍ የዘንዶ ጅራት የመሰለ ጥላ ተጋድሟል። የደረሰበት አገር ጽሑፍ ሠዓሊው ራሱ የፈጠረው ስለሆነ እኛም እንደ ሰውየው ማንበብ አንችልም። ዳቦ ሲፈልግ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ዳቦ ስሎ ያሳያል። ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ሲሰጡት ደግሞ ፊደሉን ስለማያውቅ ገልብጦ ይለጥፈዋል። ያችን ገጽ ቀስ ብላችሁ እዩዋት፤ በሰው አገር መሃይም መሆን ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላነበብኩም።

ከእርሱ ጋር የማወዳድረው የቪክቶሪያ ጄሚሰንና የዑመር መሐመድ «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለቀለም፣ በአንድ ጥራዝ የሚያልቅ እውነተኛ ታሪክ ነው። ዑመርና ታናሽ ወንድሙ ሐሰን ከሶማሊያ ሸሽተው ኬንያ ውስጥ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያድጋሉ። ሐሰን በሽታ አለበት፤ አንደበቱ የሚፈታው በአንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ሆዮ»፣ እናት። ዑመር ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ሲያገኝ ወንድሙን ለማን ጥሎ እንደሚሄድ ይጨነቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ነው፤ የውኃ ወረፋ፣ የራሽን ወረፋ፣ የመንግሥታቱ ድርጅት ዝርዝር ላይ ስም እስኪወጣ መጠበቅ።

ሁለቱም የሚያወሩት ከቤቱ ስለተነቀለ ሰው ነው፤ የሚሰጡት ግን ለየቅል ነው። «ዘ አራይቫል» ለማሰብ ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ደጋግሞ ለሚያይ ሰው የተሠራ ነው። ችኩል አንባቢ በአንድ ሰዓት ጨርሶት ምንም ሳያገኝ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው እጅ ይዞ ይወስዳል። እንግሊዝኛው ቀላልና አጫጭር ስለሆነ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ያለ ብዙ ድካም ይከተለዋል፤ ቋንቋ ለማሻሻል ለሚፈልግም የምመርጠው እርሱን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የደሴ ትምህርት ቤቶች በተፈናቀሉ ወገኖች ተሞልተው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከቤቱ የወጣ ወይም ቤቱን ለሌላ የከፈተ ቤተሰብ ልጅ የዑመርን ወረፋ ያውቀዋል። ለዚህ ልጅ ስሰጥ መጀመሪያ ወላጁን አማክራለሁ፤ ለአንዳንዱ ማንበቡ ዕፎይታ ነው፣ ለአንዳንዱ ግን ጊዜው ገና ነው።

«ፐርሴፖሊስ» ወይስ «ማውስ»?

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላለ አንባቢ እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይጠራሉ። ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በቤተሰብ በኩል የአገርን መከራ ይተርካሉ።

የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይኛ በአራት ክፍል የወጣ ሲሆን፣ ከ1979 የኢራን አብዮት በኋላ ያደገችን ልጅ ሕይወት ይነግረናል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች አሥር ዓመቷ ነው፤ ሒጃብ በትምህርት ቤት ግዴታ ሆኗል፣ ልጆቹ ግን ለምን እንደሆነ ስላልገባቸው በግቢው ውስጥ ገመድ አድርገው ይዘሉበታል። መስመሩ ወፍራም፣ ሥዕሉ ቀላል፣ ንግግሩ አጭር ነው፤ በፍጥነት ይነበባል፣ ያስቃልም።

የአርት ስፒገልማን «ማውስ» በሁለት ቅጽ በ1986 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። አይሁዶች አይጥ፣ ጀርመኖች ድመት፣ ፖላንዶች አሳማ ሆነው ይሣላሉ። አባትየው ቭላዴክ በቤቱ የስፖርት ብስክሌት እየገፋ ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከአውሽቪትዝ እንዴት እንደተረፈ ለልጁ ይነግራል። የቭላዴክ እንግሊዝኛ ሆን ተብሎ የተሰባበረ ነው፤ የውጭ አገር ሰው አነጋገር ስለሆነ ሰዋስው ለመማር የሚያነብ ተማሪ እንዳይቀዳው ልንገረው እወዳለሁ። ገጾቹም የታጨቁ ናቸው።

በንባብ ቅለት «ፐርሴፖሊስ» ይቀድማል። ነገር ግን እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎ አንድ ነገር ቀድሞ መነገር አለበት፤ ልጅቷ ከፈጣሪ ጋር ስትነጋገር ፈጣሪ በነጭ ጢማም ሽማግሌ መልክ ተሥሏል፣ በልጅነቷም ነቢይ መሆን ትመኛለች። ይህ የሚያስቀይመው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቅሬታውም ከእምነቱ የመጣ ነውና ላከብረው ይገባል። መጽሐፉ የሚከራከረው በግድ ከሚያስለብስ መንግሥት ጋር እንጂ በፈቃዷ ከምትሸፈን ሴት ጋር አይደለም፤ ይህንንም አስረድቼ ምርጫውን ለአንባቢው እተወዋለሁ። ካልፈለገ «ማውስ» አለ። እርሱ ደግሞ የጅምላ ግድያ ታሪክ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ያየውን ገና ላልረሳ ታዳጊ በምሽት ብቻውን የሚያነበው መጽሐፍ አይደለም። ለአዋቂዎች የንባብ ቡድን ግን ከሁለቱ «ማውስ»ን እመርጣለሁ፤ አባት ያልተናገረውን ልጅ እንዴት ሊያወጣው እንደሚችል የሚያሳይበት መንገድ ለብዙ ምሽት ያወያያል።

የጆን ሉዊስ ባለሦስት ቅጽ «ማርች»ም እዚህ ቦታ አለው። የአሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ከመሪዎቹ በአንዱ አንደበት የቀረበበት ሲሆን ሦስተኛው ቅጽ በ2016 እ.ኤ.አ. የናሽናል ቡክ አዋርድ ሽልማት አግኝቷል። የታሪክ መምህር ከሆናችሁ ውሰዱት። ሦስቱን አንድ ላይ ካላገኛችሁ ግን የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» ይሻላችኋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት የሆነውን የኒውበሪ ሜዳሊያን ያገኘ የመጀመሪያው ግራፊክ ኖቭል ነው፣ አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ጥቁር ልጅ የሚያጋጥመውን ያወራል፣ ብቻውንም ሙሉ ነው።

ማንጋ

ደሴ ውስጥ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) የሚያይ ወጣት ብዛት ስለ ማንጋ፣ ማለትም ስለ ጃፓን ኮሚክስ፣ በዝርዝር እንድጽፍ ያስገድደኛል። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ ዓረብኛ ወይም ቁርኣን የቀራ ልጅ እጁ ወዲያው ይለምደዋል፣ ሌላውም በጥቂት ገጽ ይላመዳል። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው።

ዋናው ችግር ርዝመት ነው። «ዋን ፒስ» ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየወጣ ከመቶ ቅጽ በላይ ደርሷል፤ «ናሩቶ» በ72 ቅጽ አልቋል። እነዚህን በወረቀት ለመከተል ማሰብ ደሴ ላለ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው፤ በስልክ ብቻ ይነበቡ። ሹኤሻ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀረበው «ማንጋ ፕላስ» የተባለ መተግበሪያ የብዙ ሥራዎችን የመጀመሪያና የቅርብ ጊዜ ምዕራፎች በነፃ ያስነብባል፤ ደራሲውን ሳይጎዱ ለመቅመስ ጥሩ መንገድ ነው።

በወረቀት መያዝ ለሚፈልግ ግን ልኩ ሌላ ነው። «ዴዝ ኖት» 12 ቅጽ፣ «ዲመን ስሌየር» 23 ቅጽ፣ «ፉልሜታል አልኬሚስት» 27 ቅጽ ናቸው። ከሦስቱ «ፉልሜታል አልኬሚስት»ን አስበልጣለሁ፤ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው፣ ገና ከጅምሩ የተዘራው መጨረሻ ላይ ይታጨዳል፣ ጦርነት በሰው ላይ የሚያደርሰውንም አያሳንስም። «ዴዝ ኖት» ልብ ሰቃይ ነው፤ ነገር ግን የሰው ስም በደብተር ጽፎ የሚገድል ተማሪ ታሪክ ስለሆነ ለትንንሾች አልሰጠውም፤ ጽሑፉም ከጓደኞቹ ይልቅ የበዛ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው የዮሺቶኪ ኦይማ «ኤ ሳይለንት ቮይስ» ነው፤ ሰባት ቅጽ ብቻ። መስማት የተሳናትን የክፍል ጓደኛውን ያሰቃያት ልጅ ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ሊጠይቃት ይፈልጋታል። ምልክት ቋንቋ ይማራል። ፍልሚያ የለበትም፣ ሰይፍ የለበትም፤ ክፍል ውስጥ የሚፈጸም ግፍ ግን እንዳለ ቀርቧል። ራስን የማጥፋት ሙከራ ስለሚገኝበት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አብሮ የሚያነብ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። መምህራን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ለልጆችና ለአዋቂዎች

ለልጆች ባጭሩ፦ የኮትዲቯሯ ተወላጅ ማርጌሪት አቡዌ የጻፈቻቸውን የ«አኪሲ» መጻሕፍት ከቤልጂየሙ የወጣት ጋዜጠኛ ጀብዱ ከ«ቲንቲን» አስቀድሙ። አኪሲ የምታጠፋው ጥፋት የኛ ሰፈር ልጅ የሚያጠፋው ነው፤ ታሪኮቹም አጫጭር ስለሆኑ የትኛውም ቅጽ ቢገኝ ይነበባል። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረው «ቲንቲን» በሥዕል ጥራቱና በጀብዱ አፈሳሰሱ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው፣ እያንዳንዱ አልበም ማለት ይቻላል ራሱን የቻለ ነው። ኮንጎ የሚሄድበትን አልበም ግን ለልጅ አትስጡ፤ አፍሪካውያንን የሚሥልበት መንገድ የሚያዋርድ ነው።

ለአዋቂዎች በቅርብ ዓመታት ከወጡት ሁለቱን ላነጻጽር። የኬት ቢተን «ዳክስ» በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲ ዕዳዋን ለመክፈል ከትውልድ አካባቢዋ ርቃ በካናዳ የአልበርታ የነዳጅ ማውጫ ሥፍራ የሠራችበትን ጊዜ ይተርካል። ሴት ከወንድ እጅግ በሚያንስበት ካምፕ ውስጥ የሚደርስባትን ትንኮሳና ጥቃት ሳትሸሽግ ታሳያለች። አገሩ ካናዳ ነው፤ ቤተሰብ ለመርዳት ወይም ዕዳ ለመክፈል ሩቅ አገር ሄዳ በሰው እጅ የኖረች እህት ያለው የወሎ አንባቢ ግን ሳይነገረው የሚገባው ብዙ ነገር አለ። ለዚያች እህት ስትሰጡት ጥቃት እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሯት።

የቴሳ ሃልስ «ፊዲንግ ጎስትስ» በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2025 በግለ ታሪክ ዘርፍ ፑሊትዘር አግኝቷል። ከቻይና የሸሸች ጋዜጠኛ አያት፣ ልጇና የልጅ ልጇ፣ ሦስት ትውልድ። ጥልቀቱ አይካድም፤ ነገር ግን ገጹ በጽሑፍ የተሞላ፣ ስለ ቻይና ታሪክም መጠነኛ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። ሁለቱም በአንድ ጥራዝ ያልቃሉ። እኔ «ዳክስ»ን አስቀድማለሁ፤ ሽልማቱን ብቻ አይቶ በሁለተኛው የጀመረ ሰው ኮሚክስ ከባድ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

ታሪክ ወዳድ ለሆኑ ትልልቅ ሰዎች አንድ ጥቆማ ልጨምር። ደሴ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. ኡጎ ፕራት የሚባል ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር፣ አባቱ ወዳለባት፣ ወደ ተያዘችው ኢትዮጵያ መጣ። አድጎ «ኮርቶ ማልቴዝ» የተባለው የመርከበኛ ጀብዱ ኮሚክስ ደራሲና ሠዓሊ ሆነ። «ዚ ኢትዮፒያን» በሚል በእንግሊዝኛ የወጣው አልበም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእኛ ቀጣና የሚካሄዱ አራት ታሪኮች አሉት፤ ኩሽ የሚባለው ተዋጊ ከባለታሪኩ ጋር የሚመላለሰው ንግግር የመጽሐፉ ጨው ነው። በወራሪ ቤተሰብ ያደገ ሰው ስለ እኛ ሲጽፍ ምን አየ፣ ምን አላየ ብሎ እየመዘኑ ማንበብ ያስፈልጋል።

በወረቀት ወይስ በስልክ?

«ዘ አራይቫል»ን በስልክ አታንብቡ። ገጽ ሙሉ የያዘ ሥዕሉ በትንሽ መስታወት ላይ ይጠፋል፤ በጣት እየዘረጉ ማየትም የታሪኩን አካሄድ ይሰብራል። «ማውስ»ም ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ዓይን ያደክማል። «ፐርሴፖሊስ»ና ማንጋ በስልክም ይቻላሉ። ዌብቱን የሚባለው፣ መጀመሪያ በኮሪያ የተስፋፋው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኮሚክስ ደግሞ ለስልክ የተሠራ ስለሆነ መብራት በሚቋረጥበት ምሽት ባትሪ ካለ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ገንዘብ አዋጥተው መግዛት ለሚፈልጉ ጓደኛሞች የምመክረው አንድ ሰው አንድ ጥራዝ እንዲገዛና እንዲቀያየሩ ነው። ደሴ ያለው «ዘ አራይቫል»ን፣ ኮምቦልቻ ያለው «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ»ን ይያዝ፤ በሐረጎ በኩል ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳልና መጽሐፉን ለመላክ አያስቸግርም። የተከታታይ ሥራን ግን በዚህ መንገድ አትጀምሩ፤ ሦስተኛው ቅጽ አንዱ ሰው ቤት ከቆየ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይቆማሉ።